ሦስት ሽማግሌ ልኬ ደረጃ ቤት የተደበቅሁበት ቅዳሜ

ወገኖቼ፣ ተቀመጡ። የቆማችሁም ግድግዳ ተደገፉ።

ዛሬ እኔ፣ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ሴትዮ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የልጅ ልጅ አድርሼ፣ በአፓርትመንቱ የእሳት አደጋ ደረጃ ውስጥ ከባልዲ አጠገብ ተደብቄ ተገኘሁ!

ማን አገኘሽ? ምን ልታደርጊ ገባሽ? ቆይ። ተራ በተራ።

ይህን ገጽ የምትከታተሉ ታውቁኛላችሁ። ማለቴ፣ አታውቁኝም። ፎቶዬ ጽጌረዳ ነው፣ ስሜ «እውነት መራራ» ነው። አራት ዓመት ሙሉ ማንነቴን ለማወቅ ያልሞከራችሁት የለም። ያቺ እዚሁ አሜሪካ የአሌክሳንድሪያ ሴትዮ ከቤከሪ የገዛችውን ዳቦ በኮባ ጠቅልላ «ራሴ ደፋሁት» ብላ ለማኅበር ያመጣች ጊዜ፣ የጻፍኩትን አንብቦ ያልሳቀ ማን ነበር? ስም አልጠራሁም። እኔ ስም አልጠራም። አረንጓዴ መጋረጃ ያላት ናት ብቻ ነው ያልኩት።

ዛሬ ግን የሌላ ሰው ጉድ አልያዝኩም። የራሴን ነው። ላይክ ለማድረግ እንዳትቸኩሉ።

ነገሩ የተጀመረው በጥሩምባ ነው።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከእኔ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሚስተር ሊሮይ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ይኖራል። ትራምፔት ነፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በየቴአትር ቤቱና በየክለቡ ሲነፋ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የት ይንፋ? በእኔ ራስ ላይ! ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲል ይጀምራል። አንድ ቀን አምስት ደቂቃ አላሳለፈም። ሰዓት ማክበሩን የማኅበራችን ሰዎች ቢማሩት ጥሩ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ስደበድብ ኖሬአለሁ። እሱ ደግሞ አንዳንዴ የእኔን ምት እየተከተለ ይነፋል።

አስቡት! እኔ እቆጣለሁ፣ እሱ ከበሮ መቺ ያገኘ ይመስለዋል።

ከአራት ሳምንት በፊት ለአፓርትመንቱ አስተዳደር፣ ለኦፊሱ፣ ኮምፕሌን አደረግሁ። ያለፉትን ሁለት ጊዜ በስልክ ነበር፤ ይኼኛውን በኢሜይል።

አሁን ስለ እኔ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኔ ስሜን ወረቀት ላይ አላሰፍርም። በቀበሌ ዘመን ስም ከዝርዝር እየተነበበ ሰው ሲጠራ ያየ ይገባዋል፤ ያልተጻፈ አይጠራም። አሜሪካም ይህንኑ ይዤ ገባሁ። ፔቲሽን አልፈርም። የሰርግ እንግዳ መዝገብ ላይ አልጽፍም። ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ስም ሲመዘገብ እንኳን «ውሃ ልጠጣ» ብዬ እነሳለሁ።

ስለዚህ ኢሜይሉን «የተሰቃየ ነዋሪ» ብዬ ፈረምኩ። ኮራሁም።

የላክሁት ግን በታብሌት ነው። ታብሌቱ ደግሞ የናርዶስ ነው።

ናርዶስ የልጄ ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ነርስ ስለሆነችና ሆስፒታል ስለምትውል ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ አንድ ቤት ነው የምንኖረው። አዲስ ታብሌት ሲገዛላት አሮጌውን ሰጠችኝ። ኢሜይሉ የሷ መሆኑን፣ ሙሉ ስሟም ከላይ ተጽፎ እንደሚሄድ እኔ በምን ልወቅ? እኔ የፈረምኩት ከታች ነው። ከላይ ማን ያያል?

ኦፊሱ ያያል።

ለሚስተር ሊሮይ ደብዳቤ ጻፉለት። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ የቤት ኪራይ ውልህ፣ ሊዝህ፣ በወሩ መጨረሻ አይታደስም አሉት። ከደብዳቤው ጋር ኮምፕሌኑን ኮፒ አድርገው አያያዙለት። ከላይ የናርዶስ ስም፣ ከነአባቷ።

ይህም ባልከፋ።

ለካ ናርዶስ በሳምንት ሦስት ቀን «ላይብረሪ ነኝ» የምትለኝ፣ ላይብረሪው አራተኛ ፎቅ ነው! ትራምፔት እያስተማራት ነው! በነፃ! ሁለት ዓመት ሙሉ! እናቷም ታውቃለች! ከእኔ የደበቁት ለምን መሰላችሁ? መጥረጊያውን አይተው ነዋ።

እኔ እዚህ ታች ሆኜ «ሰውየው በሳምንት ሦስት ቀን ትንፋሹ ይደክማል፣ ዕድሜው ነው» እል ነበር። ለካ የምትነፋው የእኔዋ ናት!

ሚስተር ሊሮይ ደብዳቤውን ባነበበ ቀን ናርዶስ ሄዳ ስታንኳኳ አልከፈተላትም። በበሩ ሥር ብጣሽ ወረቀት አወጣላት። «ድምፁ ከረበሸሽ ለእኔ ልትነግሪኝ ትችይ ነበር» ይላል። በቃ። ስድብ የለ፣ ዛቻ የለ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ያናድደኛል፤ ለጠብ አይመችም።

ልጅቱ ወረቀቱን ይዛ ወረደች። ታብሌቱን ከፍታ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እማማ፣ ዲድ ዩ ዱ ዚስ?»

እኔም «የቱን?» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። ዘጠኝ ቀን! ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ስላት ያንን ነጭ ነገር ጆሮዋ ውስጥ ትሰካለች። ምሳዋን ቋጥሬ ስሰጣት ትወስዳለች፣ ማታ እንደቋጠርኩት ትመልሰዋለች። ባሌ የሞተ ጊዜ እንኳን ቤቱ እንዲህ ጭር አላለብኝም።

ይህን አልጻፍኩም በሉ።

በዘጠኙ ቀን ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረች። ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል። «ዩ ሃቭ ቱ ፌስ ዘ ሚዩዚክ፣ እማማ።»

ትርጉሙን አውቀዋለሁ፤ እንዳታስተምሩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሆስፒታል ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ ሠርቻለሁ። ሱፐርቫይዘሯ ሰው ባጠፋ ቁጥር ትለው ነበር። ጥፋትህን ራስህ ቆመህ ተጋፈጥ፣ የሚመጣውን ተቀበል ማለት ነው። ለእኔ ግን ተብሎ አያውቅም። አጥፍቼ ስለማላውቅ አይደለም፤ ተይዤ ስለማላውቅ ነው።

መነሻውን ፈለግሁ። ለምን? መሸሻ ቀዳዳ ካለው ብዬ! በዚያው በጉደኛው ታብሌት።

አንዱ ከቴአትር ነው ይላል። ኦርኬስትራው የሚቀመጠው ከመድረኩ በታች ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ተዋናዩ ፈራም አልፈራም ከመጋረጃው ወጥቶ ሙዚቀኞቹንና ተመልካቹን ፊት ለፊት ማየት አለበት። ሌላው፣ የለም ከጦር ሰፈር ነው ይላል። ያጠፋ ወታደር ማዕረጉ ተገፎ፣ ከበሮ እየተመታበት ይባረር ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ፈረስ ነው ይላል! የጦር ፈረስ እንዳይደነብር የሙዚቃ ባንዱን ፊት ለፊት እያየ እንዲቆም ያለማምዱት ነበር አሉ። ሦስቱም ብለው ብለው መጨረሻ ላይ «በእርግጠኝነት አይታወቅም» ብለው ያበቃሉ።

ደስ አለኝ። መነሻው ያልታወቀ ነገር ግዴታው ከየት ይመጣል?

ደግሞስ የእኛው ወግ ምን ጎደለው? እኛ ዘንድ ያጠፋ ሰው ራሱ ሄዶ በር አይደበድብም። ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ይለምናል፣ «እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል። አጥፊው «ይምጣ» እስኪባል ራቅ ብሎ ይጠብቃል። ድሮ ድንጋይ ተሸክሞም ይቀርብ ነበር። በእኛ ግቢ ያለው ድንጋይ ግን ሁሉም የኦፊሱ ነው፤ ብታነሺው ሌላ ደብዳቤ ይመጣል።

ስለዚህ ሦስት ሽማግሌ ፈለግሁ።

ሐጂ እንድሪስ የሀያትስቪል ነዋሪ ናቸው፣ የወሎ ሰው። ሲመርቁ ድንጋይ ያለቅሳል፤ እንግሊዝኛቸው ግን «ኖ ፕሮብሌም» ላይ ያበቃል። መምህር ተፈራ ድሮ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። እንግሊዝኛ ያውቃሉ፣ ማቆም አያውቁም።

ሦስተኛው አቶ ሙሉጌታ ነው። የባሌ ጓደኛ። ከአሌክሳንድሪያ። የባለ አረንጓዴ መጋረጃዋ ባል።

አዎ፣ አሁን ስም ጠራሁ። የሚስቱን ግን አልጠራሁም።

ከሙሉጌታ ጋር ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። በባሌ ሙት ዓመት ላይ ተነስቶ ንግግር አደረገ። ወጥ የሠሩትን አመሰገነ። አዳራሹን የፈቀዱትን አመሰገነ። ፓርኪንግ ሲያሳይ የዋለውን ሰውዬ ሳይቀር አመሰገነ። እኔን? ሦስት ዓመት ያስታመምኩትን? ስሜን እንኳን አላነሳም። ታዲያ እኔ የዳቦዋን ነገር ብጽፍ ይገርማል?

ግን ሽማግሌ ሁለት አይሆንም። ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ፣ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ የሚወርድለት ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ትዕቢቴን ዋጥ አድርጌ ኮል አደረግሁለት።

«ማን ልበል?» አለ። ቁጥሬ ስልኩ ላይ አለ፤ አውቆ ነው።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

ነገርኩት። የፈለግሁበትንም ነገርኩት።

«አሃ! ሽምግልና? ለአንቺ? አጥፊዋ አንቺ ነሽ?» ደስታው በስልኩ ውስጥ ፈሰሰ። «ኧረ እመጣለሁ! ይህንማ በሰው አልሰማም።»

ዛሬ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀጣጠርን። ሁለቱ በሰዓቱ መጡ። ሙሉጌታ «ቤልትዌይ፣ የቀለበት መንገዱ፣ ተዘጋግቶ» ብሎ አርባ ደቂቃ አስጠበቀን። ቤልትዌይ መቼ ተከፍቶ ያውቃል? ሦስቱም ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። ሁለቱ ነጠላ ደርበዋል፣ ሐጂ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል። ኤሊቬተሩ ሲከፈት ውሻ የያዘች ጎረቤት ነበረች፤ አየቻቸውና ሳትደርስ ወረደች።

እኔ በደረጃ ወጥቼ በደንቡ መሠረት ራቅ ብዬ ቆምኩ። ማለት፣ ደረጃ ቤት ገብቼ የብረቱን በር በሁለት ጣት ስፋት ከፈት አድርጌ ተደበቅሁ።

አንኳኩ። ሚስተር ሊሮይ በነጠላ ጫማ ከፈተ። ከኋላው ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርድሯል። ዕቃውን እያሸገ ነው።

ካርቶኖቹን መቁጠር ጀመርኩ... ተዉት።

ሦስቱም ጎንበስ አሉ። ዝም አሉ። ወግ ነው፤ ሽማግሌ በር ላይ ደርሶ ዘሎ ነገር አይጀምርም። ትንሽ ያቀረቅራል።

ሚስተር ሊሮይ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ሦስት ጥቁር ሱፍ። ነጭ ጨርቅ። ያቀረቀረ ፊት።

ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልጅቱ ናት?» አለ። «ናርዶስ? ልጅቱ ምን ሆነች? ንገሩኝ!»

ሐጂ እንድሪስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በታላቅ ሐዘኔታ፣ «ኖ ፕሮብሌም» አሉ።

ሰውየው ግድግዳውን ያዘ!

«ኖ ኖ ኖ!» አለ ሙሉጌታ። «ማንም አልሞተም! ልጅቱ ደህና ናት! ይቅርታ ልንጠይቅ ነው የመጣነው!»

«ኦ ጌታዬ» አለ ሚስተር ሊሮይ፤ ትንፋሹ ደረጃ ቤት ድረስ ተሰማኝ። «ግቡ። ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም!» አሉ መምህር ተፈራ። «ይቅር ሳይሉ አንቀመጥም!»

«ምኑን ነው ይቅር የምለው?»

«በመጀመሪያ ይቅር ይበሉ፤ ከዚያ እንነግርዎታለን።»

ይህ እኛ ዘንድ የሚሠራ ዘዴ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን አልሠራም።

«የኦፊሱ ጠበቆች ናችሁ?» አለ።

መምህር ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠርገው የሽምግልናን ታሪክ ከጥንት ሊጀምሩ ሲሉ ሙሉጌታ ቀደማቸው። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ሽማግሌ ሲለምን አጥፊውን ትንሽ ይወቅሳል፤ የተበዳዩ ሆድ እንዲበርድ። ትንሽ! ሙሉጌታ ግን የስድስት ዓመት ጎተራ ነው የከፈተው። በጥሩ እንግሊዝኛ!

«ሰር፣ ኢሜይሉን የጻፈችው ልጅቱ አይደለችም። አያቷ ናት። ከሥር ሆና በመጥረጊያ የምትደበድብዎት። ክፉ አይደለችም፤ ፈሪ ናት። ስሟን ደብቃ ሰው ትወጋለች። ሚስቴን በአንድ ዳቦ ምክንያት በሕዝብ ፊት ወግታታለች። ኢንተርኔት ላይ ፎቶዋ ጽጌረዳ ነው፤ እኛ ግን በእሾኋ ነው የለየናት።»

ያውቃል! ጽጌረዳዋ እኔ መሆኔን ያውቃል! ሚስቱም ታውቃለች!

ባለፈው ገና «እንኳን አደረሰሽ» ብላ ሙሉ ዳቦ በኮባ ጠቅልላ ልካልኝ ነበር። እኔም «አያችሁ፣ እኔ መሆኔን ሳታውቅ» እያልኩ በላሁት። ለካ እያወቀች ነው! ለካ ያ ዳቦ ደብዳቤ ነበር!

«ታዲያ ሴትዮዋ የት ናት?» አለ ሚስተር ሊሮይ።

ሦስቱም እኩል ወደ ደረጃው በር ጠቆሙ። ሽማግሌ ተብዬዎች!

በዚህ ጊዜ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ብል ናርዶስ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እሷ ታውቃለች። ባልዲውን አየች። እኔን አየች።

«ሽማግሌ ላክሽ?» አለች። በአማርኛ!

«ወግ ነው።»

«ለሚስተር ሊሮይ? እማማ፣ እሱ እኮ ሽማግሌ አያውቅም። ሂ ኖውስ ሚ። እኔ እንዳልሆንኩ የሚያምነው አንቺ ስትነግሪው ነው። ዩ።»

በአሥረኛው ቀን ይህን ሁሉ ተናገረችኝ። ድምፅዋን በመስማቴ ስደሰት ምን እንዳለችኝ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ከኋላዬ ልጄ። ከፊቴ የብረት በር። ከበሩ ወዲያ የሚያዩኝ ሰዎች። ያ ተዋናይ መጣብኝ፤ ቢያንስ እሱ መጋረጃ እንጂ ባልዲ አልነበረውም።

ወጣሁ።

ነጠላዬ በሩ ላይ ተያዘ። እየጎተትኩ ነው የቀረብኩት። ክብር ማለት ይኼ ነው።

«ሚስተር ሊሮይ» አልኩ፣ «ኢት ዋዝ ሚ።» ሌላ ጠፋኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አሜሪካ ኖሬ የተረፈችኝ እሷ ብቻ። ስለዚህ ደገምኳት። «ናርዶስ ኖ። ሚ።»

እሱ እኔን አላየም። ከኋላዬ አሻግሮ አያት። «ሄይ ኪድ» አለ።

አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ አቧራ ነው። ያ ደረጃ በወር አንዴ አይጠረግም። ለኦፊሱ ኮምፕሌን ማድረግ... አይ። ይቅር።

ገባን። ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ተቀመጡ፤ ወንበሮቹ ተጠቅልለው ስለነበር ካርቶን ላይ። ናርዶስ «ፌስ ዘ ሚዩዚክ ብያት ነበር» አለችው። እኔ ደግሞ አፌ መቼ ያርፋል፣ «መነሻው እኮ በእርግጠኝነት አይታወቅም» አልኩ።

ሳቀ። ሦስቱንም ታሪክ ያውቃል።

«እኔ የቴአትሩን እወዳለሁ» አለ። «ዕድሜዬን ያ ጉድጓድ ውስጥ ነው የተቀመጥኩት። ከታች ሆነን የምናየው የተዋናዩን ጉልበት ነው፤ የሁሉም ይንቀጠቀጣል። የወታደሩን ግን አልወደውም። እሱን ከበሮ መትተው ካስወጡት በኋላ የሚመልሰው የለም።»

ሁላችንም ካርቶኖቹን አየን። የተቀመጡባቸው ሦስቱም ጭምር ወደ ታች አዩ።

ኦፊሱ፣ ኮምፕሌን ያደረገው ሰው በስሙ ፈርሞ ካነሳው ሊዙን እንደገና እናየዋለን ብሎት ነበር። እሱ ግን ልጅቱን ለምኖ ማስፈረም አልፈለገም። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ናርዶስ በዚያን ቀን በበሩ ሥር የመለሰችለት ነው። «እኔ አይደለሁም። ማን እንደሆነ ግን መናገር አልችልም» ይላል።

አልተናገረችብኝም። ዘጠኝ ቀን ዘግታኝ፣ ለሱ ግን ስሜን አልሰጠችም።

ሙሉጌታ እስክሪብቶ አወጣ። ፍጥነቱ!

መምህር ተፈራ አንድ ገጽ ተኩል ጻፉ፤ ሙሉጌታ ወደ ሦስት መስመር ቆረጠው። ሐጂ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። እኔ እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። እጄ እንቢ አለ፤ ልማድ ነው።  ናርዶስ ያቺን ራሷ የጻፈቻትን ወረቀት ከአጠገቤ አደረገቻት።

ፈረምኩ። ስሜን፣ የአባቴን፣ ከተጻፈ አይቀር ብዬ የአያቴንም።

የኦፊሱ መልስ ሰኞ ነው። እሺ ይበሉ እንቢ አላውቅም። ካርቶኖቹ አልተፈቱም። ናርዶስ ግን ቤት ስንገባ ጠዋት ሠርቼላት ሳትነካው የቀዘቀዘውን ቁርስ ቆማ ጨረሰችው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሙሉጌታ ሊሄድ ሲል ፓርኪንጉ ላይ ቆመ።

«ያኔ በሙት ዓመቱ ስምሽን ያልጠራሁት ረስቼ አይደለም» አለ። «ባልሽ ታሞ ሳለ አደራ ብሎኝ ነበር። 'ስሟን ሰው ፊት እንዳታነሳ፣ አትወድም' አለኝ።»

ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት አንጀቴን የበላው ቂም፣ የገዛ ዓመሌ ነበር!

«መንገዱ ሳይጨናነቅ ሂድ» አልኩት። እሱም ሚስቱ ሰላም ብላሻለች አለኝ። በዚህስ እነዚህ ባልና ሚስት አሸንፈውኛል።

ስለዚህ፣ ወገኖቼ፣ ጽጌረዳዋን አነሳኋት። ከላይ የምታዩት ፊት የእኔ ነው፤ ናርዶስ ናት ያነሳችኝ፣ ሳቂ ብትለኝም አልሳቅሁም። ስሜ አስካለ ነው። አስካለ ደስታ በላይነህ። ሦስተኛ ፎቅ። የዳቦውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኮሌጅ ፓርክ ሰፈሩን ዶክተር «ዶክተር አይደለም» ያልኩት እኔ ነኝ። «በኪራይ ሊሞዚን የተዳረችው» የሚለውም የእኔ ነው፤ ሊሞዚን ሁልጊዜ ኪራይ መሆኑን በኋላ ነው የተረዳሁት።

ዳቦው ግን አሁንም የቤከሪ ነው። ይህን አላነሳም።

የተቀየማችሁኝ ኑ። ቤት አለሁ። ሚስተር ሊሮይ ከቀረልን፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ስትመጡ በሩን ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ፤ መጥረጊያውን ጥዬዋለሁ፣ ነፊዎቹም ሁለት ሆነዋል። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፦ ሽማግሌ እንዳትልኩ። ራሳችሁ ኑ።

በሉ እንግዲህ፣ ማን ይጀምራል?